ከሸራው ሥር የነበረች ሴት

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ንጉሡ ሳይወርዱ ጀምሮ ከወረዱ በኋላ ያለቀ ነገር ስለሆነ፣ ልጆቼ ሲጠይቁኝ አንዴ «በክፉ ቀን ነው» እላለሁ፣ አንዴ «በለውጡ ጊዜ ነው» እላለሁ። ዕድሜዬም እንደዚያው ነው። የፊት ጥርሴ ወልቆ እንደነበር አውቃለሁ፤ ስድስት ልሁን ሰባት፣ ያንን የሚያውቁት አልፈዋል።

ሰሞኑን የልጄ ሚስት ሰላጣ ላይ አቼቶ ስታፈስ ሽታው አፍንጫዬን መታኝና ማንኪያው ከእጄ ወደቀ።

«አባባ፣ አመመዎት እንዴ?»

«የለም ልጄ፤ አያ ሙሄ ትዝ ብለውኝ ነው።»

አያ ሙሄ ማን እንደሆኑ አታውቅም። ሰላጣው ያልተስማማኝ መስሏት ሳህኑን አነሣችው። እኔ ግን እዚያው በተቀመጥኩበት መካነ ሰላም ሄጄ፣ አያ ሙሄ ደጃፍ ላይ፣ ቀሚስ ለብሼ ቆሜ ነበር።

የቀሚሱን ነገር ላስረዳ። አገራችን ከመካነ ሰላም ወደ ዐባይ ሲወርዱ ያለ ቀዬ ነው። ዝናቡ በቀረበት ዓመት አባቴ «ጎጃም ተሻግሬ በጉልበቴ ሠርቼ እህል ይዤ እመጣለሁ» ብሎ ሄደ። ሦስት ወንዶች ልጆች ነበርን። እሱ ከሄደ በኋላ ታላቃችን ሞተ፤ ብዙም ሳይቆይ የሱ ተከታይ ሞተ። ሁለተኛውን ቀብራ የተመለሰች ዕለት እናቴ አላለቀሰችም። ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላ እኔን ብቻ ታየኝ ነበር። በማግሥቱ አንዲት ባልቴት ዘንድ ወስዳ ጆሮዬን በእሾህ አስበሳችኝ፤ የብረት ቀለበት አንጠለጠለችበት፤ ፀጉሬን ሠራችኝ፤ ከጎረቤት ቀሚስ ለምና አለበሰችኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ ሴት ነሽ» አለችኝ። «ስምሽ ትርፌ ነው። ወንዶቹን ነው የሚፈልግ፤ አንቺን አያውቅሽም።»

ልጅ ያለቀባት እናት የተረፈውን እንዲህ መደበቋ በአገራችን የቆየ ነው። ማንም ትልቅ ሰው ይረዳዋል። እኔ ግን ሞትን ዓይኑ የደከመ ሽማግሌ አድርጌ ሣልኩት፤ በትር ይዞ በየቤቱ «ወንድ ልጅ አለ?» እያለ የሚዞር። ቀሚስ ካየ ያልፋል። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሚያይለት ሌላ ዓይን ቢያገኝስ?

እናቴ የቤታችንን በር በእሾህ ዘግታ አክስቴ ወዳለችበት ወደ መካነ ሰላም ይዛኝ ወጣች። አጥሯ ጥግ ላይ ጎጆ ቢጤ ቀለሱልን። እናቴ ለሰው እህል እየፈጨች፣ ከወፍጮው ሥር የቀረውን ዱቄት ጠርጋ ታመጣልኛለች። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ የፎቶ አንሺው የአያ ሙሄ ቤት ነበር። የፈራሁትን ዓይን ያገኘሁት እዚያ ነው።

ባለ ሦስት እግር የእንጨት ሣጥን ነበራቸው። ከፊቱ አንድ የመስተዋት ዓይን አለው፤ ከኋላው ጥቁር የጨርቅ እጅጌ። እጃቸውን በእጅጌው ከተው ውስጡን ሲዳብሱ ላም የሚያዋልዱ ይመስላሉ። በደኅናው ዘመን የሚያነሡት ሙሽራ ነበር። ደሴ ያሣሉት ትልቅ ሸራ ነበራቸው፤ ሰማያዊ ባሕር፣ ጀልባ፣ ጎመን የሚያህል አበባ፣ ከላይ አውሮፕላን። ሙሽራው ከዚያ ፊት እጁን ጭኑ ላይ ለጥፎ ይገተራል። በዚያ ዓመት ግን የሚያገባ ጠፋ። ሸራው አቧራ ለበሰ።

አንድ ቀን እዚያው አገራችን ካለችው ከማሻ በኩል የመጣች ሴት ደጃቸው ላይ ቆመች። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አያለሁ።

«ጌታዬ፣ ባለፈው ልጄን አዝዬ በዚህ ሳልፍ ይህ ሣጥን ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ ነበር» አለቻቸው።

«እና?»

«ልጄን ቀበርኩት። አሁን ደግሞ መልኩ እየጠፋኝ ነው። ምናልባት ሣጥኑ ይዞት እንደሆነ ብዬ ነው።»

አያ ሙሄ አልሳቁም። «ያረቢ!» ብለው የበራቸው ደፍ ላይ ቁጭ አሉ። ሣጥኑ በመንገድ የሚያልፈውን ሁሉ እንደማይዝ ሊያስረዷት ሞከሩ። ሴትየዋ «ይሁን፤ ግን ይፈልጉልኝ» አለች። ከፍተው አሳዩአት። ጎንበስ ብላ ውስጡን አየች፤ እጇን ከታ ዳበሰችው። ባዶ ነበር።

ሴትየዋ ከዚያ በኋላ አልሄደችም። ፎቶው የሚታጠብበትን ውሃ ከምንጭ እየቀዳች እዚያው ቀረች። «የማሻዋ» ይሏታል፤ ስሟን የጠየቃት የለም። አያ ሙሄም በማግሥቱ ሸራቸውን ከግድግዳ አወረዱት።

«ምን ሊያደርጉ ነው አያ ሙሄ?» አለቻቸው እናቴ በአጥሩ ላይ።

«ልጆች ላነሣ ነው። ሌላ እናት እንደዚህ ብላ ደጄ እንዳትቆም።»

«ታዲያ ሸራው ምን በደለ?»

«የራበው ልጅ ባሕርና አውሮፕላን ፊት ላቁም? ወላሂ፣ የማሾፍበት ነው የሚመስለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሙሽራ ስገትር ኖሬ፣ ልጅ እንዴት እንደሚነሣ አላውቅም። እንግዲህ እንደ ጀማሪ ልማር።»

ተማሩም። የሣጥኑን እግር አሳጥረው በልጅ ቁመት አደረጉት። ጭቃ ግድግዳውን ብቻ ከኋላ አድርገው «እንደ ወታደር አትቁም፣ እንዳለህ ሁን» ማለት ጀመሩ። ችግሩ ልጆቹ መንቀጥቀጣቸው ነው። ሣጥኑ ጥቂት ዝም ብሎ የሚጠብቀው ይፈልጋል፤ የተንቀሳቀሰ ፊት ጭስ ሆኖ ይወጣል። አያ ሙሄ አፏጩ፤ ጫጩት አመጡ፤ አንዴ ከሣጥኑ በላይ ስኳር ቢይዙ ልጁ ዘሎ ስኳሩን ከነጣታቸው ጎረሰው። «ይህኛው ፎቶ ሳይሆን እኔን ነው የሚፈልግ!» ብለው ጣታቸውን እያሹ ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም፤ ከሣጥኑ የሚወጣውን አይቻለሁና። መጀመሪያ የሚወጣው ወረቀት ሁሉ ነገሩ የተገለበጠ ነው። ልጁ ፀጉሩ እንደ መቶ ዓመት ሽማግሌ ነጭ፣ ፊቱ አመድ፣ ጥርሱ ጥቁር። ያንን እንደገና አንሥተውት ነው እውነተኛው መልክ የሚወጣ፤ ይህን ግን ማን ነገረኝ? እኔ ያየሁት ገመድ ላይ የተሰጡ ባለ ነጭ ፀጉር ልጆችን ነው። ሙታን ወዲያ ማዶ እንደዚህ ናቸው አልኩ። ጎረቤታችን አንዲት ልጅ ነበረች፤ ተነሣች፤ በዚያው ሰሞን ሞተች። ስትነሣም በሰው ክንድ ተደግፋ እንደነበር አይቼ ነበር፤ ቀድሞውኑ ታማ እንደነበር ግን አላሰብኩም። ሣጥኑ ለዚያ ሽማግሌ የሚያይለት ዓይን ሆነብኝ። የማሻዋ ደግሞ ፊቶቹ የታጠቡበትን፣ አቼቶ አቼቶ የሚሸተውን ውሃ መንገዱ ዳር ስትደፋው፣ የሞት ገረድ መሰለችኝ። እርጥቡን መሬት ዘልዬ ነበር የማልፈው።

ዐባይ ከመሙላቱ በፊት በቅሎ ነጋዴው እንድሪስ ከጎጃም ተመለሰ። ሲያልፍ አክስቴ ቤት የሚያርፍ ነው፤ ቀልደኛ፣ ድምፁ ከበቅሎዎቹ በላይ የሚሰማ። ያን ቀን ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ለእናቴ የነገራት።

«ባልሽን አግኝቸዋለሁ፤ ደኅና ነው። ግን አይመጣም።»

«ምን ሆኖ?»

«ከአገራችሁ የተሻገረ ሰው በርሽ በእሾህ ተዘግቶ ማየቱን ነግሮታል። ሁሉም አልቀዋል ብሎ ፀጉሩን ተላጭቶ ሐዘን ተቀምጧል። ‹ሚስትህ መካነ ሰላም ናት፣ ደኅና ናቸው› ብዬ ብነግረው ‹ለመንገደኛ ሌላ ምን ይባላል?› አለኝ።»

እውነቱን ነው። በአገራችን ሩቅ ላለ ሰው መርዶ በመንገድ አይነገርም። ቤቱ ባዶውን ቢቀር እንኳ «ደኅና ናቸው» ነው የሚባለው። ስለዚህ «ደኅና ናቸው» የሚለው ቃል ለአባቴ ምንም ማለት አልነበረም። ልክ እንደ መርዶ ሰማው።

እናቴ ዞር ብላ ወደ አያ ሙሄ አጥር አየች።

«በአፍ ካላመነ በዓይኑ ያያል» አለች። «አያ ሙሄ፣ እባክዎ፣ ይቺን ልጄን ያንሡልኝ።»

ብቻችንን ስንሆን ቀሚሷን ይዤ አለቀስኩ። «አይዞሽ» አለችኝ፤ «ሣጥኑ የሚያየው ሴት ነው። ወንዱን አያይም።» አያ ሙሄም ሴት እንደሆንኩ ነው የሚያውቁት፤ «አብሽሪ ትርፌ፣ አብሽሪ» እያሉ ግድግዳው ሥር አቆሙኝ። የሣጥኑን ዓይን ክዳን ሲያነሡ ራሴን ወዲያና ወዲህ አወዛወዝኩ። ቀሚሱ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ከአንገቴ በላይ ጭስ ነበር። ዳመናው ደግሞ ከብዷል፤ ወንዙ ሊሞላ ነው፤ እንድሪስ ሊቆይ አልቻለም። እናቴም እንዳለ ሰጠችው። ወንድ መሆኔን ግን አልነገረችውም። ለመንገደኛ የተነገረ ነገር እስከ ሰማይ ቤት ይደርሳል ብላ ታምን ነበር።

ያ ክረምት ረጅም ነበር። እናቴ ከምትፈጭበት ስትመለስ ዓይኗ ወደ ዐባይ መንገድ ነው። እኔ በየጠዋቱ ፀጉሬ ነጭ ሆኖ እንደሆነ ጉድጓድ ውሃ ላይ አያለሁ። በዚያው መካከል አንድ ጠዋት አያ ሙሄ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የነበረው የንጉሡ ፎቶ ፊቱን ወደ ጭቃው አዙሮ አገኘሁት። ከዚያ ጭራሹን ጠፋ፤ በቦታው ንጹሕ አራት ማዕዘን ብቻ ቀረ። ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ሆነ። ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ አዲስ ፊት ቆመ። አክስቴ «ዝም በሉ» ከማለት በቀር ሌላ ንግግር አልነበራትም።

የማሻዋ ማሰሮዋን አውርዳ ስታርፍ፣ ፈራ ተባ እያልኩ ተጠጋኋት።

«ንጉሡም ፎቶ ተነሥተው ነበር?»

«ኧረ ስንት ጊዜ!»

«ስለዚህ ነው የወረዱት?»

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች፤ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው። «አይ አንቺ!» አለች፤ ሳቋ ግን ወዲያው አለቀባት። «ሣጥኑ አይገድልም እቱ። እኔ ልጄን ሣጥኑ ቢያየው ስንት ነገር በሰጠሁ።»

አላመንኳትም።

መስቀል አልፎ ወንዙ ሲጎድል እንድሪስ መጣ። እንደ ልማዱ ከሩቅ አልጮኸም። ፎቶውን አውጥቶ እናቴ እጅ ላይ አኖረው።

«ሴትዮ፣ ምን ጉድ ነው ያሸከምሽኝ? አሳየሁት። ‹እኔ ሴት ልጅ የለኝም› አለ። ‹ሦስት ወንዶች ነበሩኝ። ልታጽናኑኝ የሌላ ሰው ልጅ ፎቶ ታመጣላችሁ?› ብሎ አለቀሰ። በልቡ ሞተው ነበር፤ አሁን ደግሞ እኔ ቀበርኳቸው። መኸሩ ሲያልቅ ወደ በረሃው ወርጄ እቀራለሁ ብሏል።»

እናቴ ደረቷን መታች። ቀሚሱን የለበስኩት እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ከሞት የሸሸገኝ ቀሚስ ከአባቴም ሸሽጎኝ ኖሯል።

«መቼ ነው የምትመለስ?» አለችው።

«ነገ ጠዋት።»

እጄን ይዛ አያ ሙሄ ግቢ እየጎተተች አስገባችኝ። «አያ ሙሄ፣ አፉ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «ሴት አይደለችም።»

«ማን?»

«ትርፌ። ወንድ ናት።»

አያ ሙሄ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አዩ። የማሻዋ ከማሰሮዋ ቀና ሳትል፣ «እኔስ አውቄአለሁ» አለች። «አጥር ሥር ቆማ የምትሸና ሴት አይቼ አላውቅም።»

እንድሪስ እንኳ ሳቀ። እናቴ ግን የተሠራውን ፀጉሬን ላጨችው፤ አባቴ የሚያውቃትን ቁንጮ ብቻ አስቀረች። ቀለበቱን ከጆሮዬ አወጣች። ከዚያ ከጎጆው አንድ እጀ ጠባብ አመጣች። አወቅሁት። የታላቄ ነው።

«ካሣዬ» አለችኝ። «ና ልበስ።»

ስሜ ነው። ወንድሞቼ ከሞቱ ወዲህ ማንም በሱ ጠርቶኝ አያውቅም። እንዲህ ጮክ ብላ፣ በአደባባይ፣ ሣጥኑ እየሰማ ስትጠራኝ ያ ሽማግሌ ከመንገዱ ማዶ ቀና ሲል ታየኝ። የወንድሜ ልብስ ቀዝቃዛ ነበር። ግድግዳው ሥር አቆሙኝ። አያ ሙሄ «አብሽር፣ አብሽር የኔ ጌታ» አሉ። ጥርሴ ይገጫል። የወጣው ጭስ ነው። ደገሙ። ጭስ።

«ለአንድ ፎቶ የሚበቃ ወረቀት ብቻ ቀርቶኛል» አሉ አያ ሙሄ፤ ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። «ከደሴም በዚህ ሽብር የሚመጣ ነገር የለም። ምን ላድርግ? እናቱ እንዳትይዘው እሷም እየተንቀጠቀጠች ነው፤ ሌላ ሰው አቅፎት እንዳላነሣ፣ ያ ሰውዬ ደግሞ ‹ይቺ ማናት? የሌላ ልጅ ነው› ይለኛል።»

ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው። እናቴ መሬት ላይ ተንበርክካለች። ያን ጊዜ የማሻዋ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣች።

«ያንን ሸራ ያምጡት» አለች።

«የቱን?»

«የሙሽራውን። ሥዕሉን ወደ ውስጥ ይገልብጡት። እኔ ግድግዳው ሥር እቀመጣለሁ፤ ይሸፍኑኝ። ልጁን ጭኔ ላይ ያስቀምጡት። እኔ ልያዘው፤ ሣጥኑ እኔን ምን ያደርገኛል?»

አያ ሙሄ ተነሡ። ሸራውን አመጡ፤ ባሕሩና ጀልባው እሷ ላይ፣ ባዶው ጀርባው ወደ ውጭ ሆኖ ሸፈናት። ከሩቅ ሲያዩት ጨርቅ የለበሰ መደብ ነው። እኔን ጭኗ ላይ አስቀመጡኝ። ከሸራው ስንጥቅ እጆቿ ወጥተው ጎኔን ከእጀ ጠባቡ ሥር ያዙኝ። ውሃ ስትቀዳ የዋሉ እጆች ናቸው፤ ቀዝቃዛ መሆን ነበረባቸው። ይሞቁ ነበር።

«ትፈራለህ?» አለችኝ ከኋላዬ፣ በሹክሹክታ።

«ይመጣል» አልኳት። «ስሜን ሰምቷል።»

«ቢመጣ በእኔ በኩል ነው የሚመጣ። እኔን ያውቀኛል። የነበረኝን ወስዶ ጨርሷል፤ እኔ ደጅ ምን ይሠራል? አልፎ ይሄዳል።»

እስትንፋሷ በሸራው በኩል ጀርባዬ ላይ ይመላለሳል።

«ስማኝ። አሁን ክዳኑን ሲያነሡ የኔን ስም በልብህ ጥራ። ያንተን አይደለም፤ የኔን። እስኪመልሱት ድረስ ደጋግመህ ጥራ። ቢሰማ የሚሰማው የኔን ነው።» ጆሮዬ ላይ፣ የተበሳው ጆሮዬ ላይ፣ ስሟን ነገረችኝ።

አያ ሙሄ ክዳኑን አነሡ። የመስተዋቱ ዓይን አየኝ። እኔም አየሁት። ስሟን ጠራሁ፤ ደግሞ ጠራሁ፤ ደግሞ ጠራሁ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ አያ ሙሄ።

ያንን ነጭና ጥቁሩ የተገለበጠውን እንደገና አንሥተው ከውሃው ሲያወጡት የተላጨ ራስ፣ ቁንጮ፣ ያበጠ ዓይን ያለው ልጅ ነበር። ፊቱ ፊት ነው። እናቴ ወረቀቱን ሳመችው፤ እርጥብ ስለነበር አያ ሙሄ ተቆጧት። የማሻዋ ከሸራው ወጥታ አየችው። እኔን አልነበረም የምታየው። ከእጀ ጠባቡ ጠርዝ በታች፣ ጎኔ ላይ፣ የጣቶቿ ጫፍ ይታይ ነበር። «ይቺን ታህል ቀርቻለሁ» አለችና ማሰሮዋን አንሥታ ወደ ምንጩ ሄደች።

እንድሪስ በጠዋት ወረደ። እኔ ወደ ቀሚሴ አልተመለስኩም፤ እናቴ ልታለብሰኝ አንሥታ ነበር፣ ከዚያ አጥፋ አስቀመጠችው። ሞትን በወንድ ልብስ ሆኜ ጠበቅሁት። በየጠዋቱ ጠበቅሁት። አልመጣም።

የማሻዋ በዚያው ሰሞን አገሯም ክረምቱን መዝነቡን ሰምታ ወደዚያው ተመለሰች። ማንንም አልተሰናበተችም፤ ማሰሮውን ሞልታ ትታው ነበር።

አባቴ የመጣው ከመኸር በኋላ ነው። በአጥሩ በር ሲገባ አላወቅሁትም። ከስቶ፣ ጢሙ ሸብቶ ነበር፤ ነጭ ፀጉር ሳይ ወደ ጎጆው ሮጥኩ። እናቴ እልል አላለችም፤ ልብሱን ይዛ ብቻ ቆመች። ኋላ ላይ አጠገቡ አስቀመጠኝ፤ የተበሳውን ጆሮዬን በጣቱ ዳሰሰው፤ ከጥምጣሙ ውስጥ ፎቶውን አወጣ። ጠርዙ አልቆ ነበር። ሙሉ መንገዱን ሲያየው እንደመጣ ያስታውቃል።

«ይቺ እጅ የማን ናት?» አላት እናቴን። «ያንቺ አይደለችም። አውቃለሁ፤ ያንቺ አይደለችም።»

«የማሻዋ ናት።»

«ስሟስ?»

እናቴ አክስቴን አየች። አክስቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ያሉትን አያ ሙሄን አየች። አያ ሙሄ አንገታቸውን ነቀነቁ። ያን ሁሉ ወራት ውሃ ስትቀዳላቸው ኖራ ማንም አልጠየቃትም።

እኔ አውቅ ነበር። ከፎቶው ቀን ወዲህ በልቤ እንጂ በአፌ ጠርቼው አላውቅም፤ የሰው ስም ጮክ ብሎ መጥራት ያን ዓመት የምፈራው ነገር ነበር። አባቴ ግን እየጠበቀ ነው፤ ጣቱን እዚያች ጣት ላይ አድርጎ።

«አንጓች» አልኩት። «አንጓች አበጋዝ።»